ተከሳሹ ሁልጊዜ ታማሚው ነው

የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ታማሚ ዘግይቶ ጤና ጣቢያ ከደረሰ ምክንያቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ ግንዛቤ የለውም፣ ጠበል ሰንብቶ ነው፣ ቸልተኛ ነው። ስድስት ወር ታክሞ ካገረሸበት «መድኃኒቱን በሥርዓት አልዋጠም» ይባላል። የአንገቱ ንፍፊት ካበጠ ደግሞ ጥሬ ወተት ጠጥቷል። ሦስቱም ፍርዶች የቆሙት በአንድ እምነት ላይ ነው፦ ባክቴሪያው የትም ያው ነው፣ የሚለያየው ሰው ነው።

እምነቱ ምቹ ነው። ፖስተር ማሳተም ይቀላል፤ ከአክታ ባክቴሪያ አሳድጎ የዘር ሐረጉን መለየት ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። የማይመች ማስረጃ የመጣው ግን ከራሳችን ደጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በኢትዮጵያ ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሲወጣ፣ በተለይ ከወልድያ የተሰበሰቡ ናሙናዎች ውስጥ ቀድሞ ከሚታወቁት ስድስት ዐበይት የዘር ሐረጎች በአንዱም የማይመደብ ባክቴሪያ ተገኘ። ዛሬ «የዘር ሐረግ ሰባት» ይባላል፤ ከአፍሪካ ቀንድና ከዚያ ከተሰደዱ ሰዎች ውጭ እምብዛም አይታይም። በላቦራቶሪ ሲያሳድጉት ከሌሎቹ ይልቅ አዝጋሚ ነው። በ2015 ከአማራ ክልል የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህን ዝርያ የያዙ ታማሚዎች ሕክምና ለመፈለግ ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚወስዱ አሳየ።

እስቲ ይህንን ከ«ግንዛቤ ማነስ» ጋር አስተያዩት። ቀስ ብሎ የሚራባ ባክቴሪያ ቀስ ብሎ የሚያሳምም ከሆነ፣ ሳሉ ቀላል፣ ትኩሳቱ የሚመላለስ፣ ጉልበት ለማረስ የሚበቃ ይሆናል፤ ገበሬውም «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ ሥራውን ቢቀጥል ምኑ ያስወቅሰዋል? ጥናቱ ያሳየው ተያያዥነትን ነው፤ መንስኤን አላረጋገጠም። ዝርያው የበዛበት ገጠር መንገዱም ሩቅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ግን ጥፋቱን በሰውዬው ላይ የሚደፋው ፍርድ ከዚህኛው መላ ምት በምን በለጠ? ያኛውንማ ማንም እንዲያረጋግጥ አይጠየቅም።

የወተቱ ክስ ደግሞ በዚያው የ2013 ጥናት ተንኮታኩቷል። በአገራችን የንፍፊት ቲቢ መብዛቱ በጥሬ ወተት ሲሳበብ ኖሯል፤ በንፍፊት የተገኙት ግን በአብዛኛው በሳንባ ከተገኙት ጋር አንድ ዓይነት የሰው ቲቢ ዝርያዎች ናቸው። የከብቱ ቲቢ፣ ቦቪስ የሚባለው፣ በጣም ጥቂት ነበር። (ወተት አፍልቶ መጠጣት ያም ሆኖ ደግ ነው።) ቦቪስ ቢሆንማ ኖሮ ሕክምናውም ይለወጥ ነበር፤ ከአራቱ የመጀመሪያ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ፒራዚናማይድን በተፈጥሮው ይቋቋማልና። የባክቴሪያውን ማንነት ሳያውቁ ታማሚውን መክሰስ እንግዲህ እንዲህ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የማገርሸቱ ክስ ነው። በአሜሪካና በካናዳ በተካሄደ የሕክምና ሙከራ ታማሚዎች መድኃኒቱን በባለሙያ ፊት ይውጡ ነበር። ከዚያ ሙከራ የተጠበቁት ባክቴሪያዎች እንደገና ተፈትሸው ውጤቱ በ2018 ወጣ። ሁሉም «መድኃኒት የሚሠራባቸው» ተብለው የተመዘገቡ ነበሩ። ሆኖም ያገረሸባቸው ሰዎች ባክቴሪያ፣ ከዳኑት ይልቅ በአማካይ ከፍ ያለ የአይሶናያዚድና የሪፋምፒሲን (የሁለቱ ዋና የቲቢ መድኃኒቶች) መጠን የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ሕክምና ከመጀመሩ በፊት። የሁለቱም ወገን ባክቴሪያዎች ከመቋቋም መስመሩ በታች ስለሆኑ በታማሚው ካርድ ላይ ልዩነት የላቸውም። እዚህ ቢሆን ኖሮ ክኒኑን አንድ በአንድ የዋጠው ሰው ዋሾ ይባል ነበር።

ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽንም ቢሆን ሁሉን አያይም። በኢስዋቲኒ በ2009 አገር አቀፍ ቅኝት የተሰበሰቡ ባክቴሪያዎች በኋላ ሲመረመሩ፣ ብዙ መድኃኒት ከተላመዱት 30 በመቶ ያህሉ ማሽኑ በማያነበው የጂን ክፍል ላይ ለውጥ ነበራቸው። ማሽኑ «ሪፋምፒሲን ይሠራል» ይላል፤ ታማሚው የማይሠራውን ይውጣል፤ ሳሉ ሳይለቀው ሲመለስ ጥያቄው ተመልሶ ወደ እሱ ይዞራል።

«ረሃብና ኤችአይቪ እያሉ ስለ ዘር ሐረግ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ረሃብና ኤችአይቪ ከዝርያ ልዩነት በላይ እንደሚገድሉ አልክድም፤ መደበኛው ሕክምናም አብዛኛውን ሰው ያድናል። በየጤና ኬላው የጂን ማንበቢያ ይተከል የሚልም የለም። የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው፦ በሽታው ያገረሸበት ወይም በሁለት ወር ሕክምና አክታው ያልጠራ ሰው፣ ወቀሳ ከመስማቱ በፊት አክታው ወደ ሪፈራል ላቦራቶሪ ይላክ፤ ባክቴሪያው አድጎ የመድኃኒት መቋቋሙ በሙሉ ይፈተሽ፤ ዝርያውም በመዝገብ ላይ ከስሙ ጎን ይጻፍ። የመዘግየት ጥናት የሚያካሂዱም ከመጠይቁ ጋር የአክታ ናሙና ይያዙ።