«አየሩ አልተስማማኝም» የበሽታ ስም አይደለም



ሰሞኑን በየሰፈሩ አይሱዙ ላይ ፍራሽ፣ ቁምሳጥንና ጀሪካን ተጭኖ ማየት የተለመደ ነው። ክረምቱ ማብቂያው የዝውውር ጊዜ ነውና። መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ፖሊሱ፣ አዲስ የተመደበው ሐኪም፣ ትዳር ይዛ የምትሄደው ልጅ፣ ሁሉም ትምህርት ቤት ሳይከፈት ለመግባት ይጣደፋል። ወደ ሌላ ክልል ከሄዱት ብዙዎቹ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ሲያማቸው የሚሏት አንዲት ነገር አለች፦ «ዶክተር፣ አየሩ አልተስማማኝም።»

ዛሬ ስለዚህች አባባል የግሌን አስተያየት ልጽፍ ነው። በአጭሩ፣ ይቺ አባባል ሰው ትጎዳለች ባይ ነኝ። ምክንያቱም አንዴ ጥፋቱን አየር ላይ ካላከክን በኋላ ምርመራ የሚባል ነገር ይቀራል። ሰውየው «እስክለምደው ነው» ብሎ ይተኛል፣ ጎረቤት «እኛም ስንመጣ እንዲህ ነበርን» ብሎ ያጽናናዋል፣ በሽታው ደግሞ ሥራውን ይሠራል።

አባባሏ ሙሉ በሙሉ ውሸት ናት እያልኩ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ሰመራ ከዚያም ዝቅ ትላለች። ከደጋ ወደ ሞቃት ቆላ የወረደ ሰው ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ድረስ አንድ ሁለት ሳምንት ይወስድበታል። በነዚያ ቀናት ድካም፣ ቀለል ያለ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ሊኖር ይችላል። በተቃራኒው ከቆላ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣ ሰው ደረጃ ሲወጣ ቁና ቁና ሊተነፍስ፣ ለጥቂት ቀናት እንቅልፉ ሊዛባ ይችላል። ይሄ እውነተኛ «አለመስማማት» ነው። ግን ሁለት ምልክቶች አሉት፦ ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ ይሄዳል፤ ትኩሳትም የለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያዋን መስመር እዚህ ላይ ላስምር። ትኩሳት ካለ አየር አይደለም። እየባሰ ከሄደም አየር አይደለም።

እስቲ የዝውውሩን ጊዜ አስቡት። በሀገራችን ዋናው የወባ ወቅት የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። ሰው ደግሞ ዕቃውን ጭኖ አዲስ ቤት የሚገባው በነሐሴና በመስከረም ነው። ማለትም ወባን የማያውቅ ሰውነት ይዘን ወባ ወደሚበረታበት ቦታ የምንገባው በከፋው ጊዜ ነው። በተለይ ብዙ ወባ ባለበት አካባቢ ያደገ አዋቂ ሰው በተደጋጋሚ ከመያዙ የተነሳ በከፊልም ቢሆን የመቋቋም አቅም አለው። ደጋ ያደገው ግን የለውም፤ ሃያ ዓመትም ይሁነው አርባ፣ ጠንካራም ይሁን ደካማ፣ በቶሎ ወደ ከባድ ወባ ሊገባ ይችላል። «ጎረቤቴ በፓራሲታሞል ተሻለው» የሚለው ንጽጽር እዚህ ላይ አይሠራም። እናንተና ጎረቤታችሁ አንድ ዓይነት ሰውነት ይዛችሁ አልገባችሁም።

ከትንኟ ንክሻ በኋላ ምልክት እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ አንድ ወር ይፈጃል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ለገና ቤተሰብ ልትጠይቁ ወደ ደጋ ተመልሳችሁ ትኩሳት ከጀመራችሁ፣ ለሚያያችሁ ሐኪም የመጀመሪያው ወሬያችሁ «የምኖረው እዚህ ቦታ ነው» የሚል ይሁን። ካልነገራችሁት ላይጠይቃችሁ ይችላል።

«እኔ ያለሁት ከተማ ነው፣ ወባ የገጠር ነው» የምትሉም አላችሁ። ይሄ ድሮ ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች ወባ አስተላላፊ ትንኝ በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ይቺ ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም። በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ አዲስ ቤት ስትገቡ በርሜሉን መክደንም የጤና ሥራ ነው።

ወባ ብቻም አይደለም። ወደ ሁመራና መተማ ቆላ ለእርሻ ሥራ የሚወርዱ ወገኖቻችን ካላዛርን ማወቅ አለባቸው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የግራ ጎን ማበጥ ካለ፣ ወባ ቢታከሙም ካልተሻለ፣ ካላዛር መመርመር ግድ ነው። ካልታከመ ይገድላል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ አንዳንድ የጉድጓድ ውሃዎች ፍሎራይዳቸው ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ልጆች ቋሚ ጥርሳቸው ገና እየተሠራ ስለሆነ ይበልዛል፤ ብዙ ሲሆን አጥንትም ይጎዳል። ይሄን ውሃ ማፍላት አይጠቅምም፤ ፍሎራይድ በማፍላት አይወጣም። «ለልጆቻችሁ የምታጠጡት ከየትኛው ቦንብ ነው?» ብሎ ነባር ነዋሪ መጠየቅ ግን ይጠቅማል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው ለዚህም ነው።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ።

ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤት ሲለቅ ክሊራንስ ይሞላል። ላፕቶፕ መልሷል? የቢሮ ቁልፍ አስረክቧል? ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰው መጽሐፍ አለ? አምስት ስድስት ቦታ ፊርማ ያስፈልጋል። «የደም ግፊት መድኃኒትህ ስንት ቀን ይቀርሃል? ወረቀትህን ከሆስፒታል ወስደሃል?» ብሎ የሚጠይቅ አንድም ፊርማ የለም። የመሥሪያ ቤቱ ወንበር ከሰውየው ደም ግፊት የበለጠ ክትትል አለው ማለት ነው።

በእኛ ሀገር የሕክምና ካርዳችሁ የሚቀመጠው ካርድ ክፍል ነው። እናንተ እጅ ያለው ቁጥር ያለባት ትንሽ ወረቀት ናት። ያቺ ቁጥር ደግሞ በሌላ ክልል ሆስፒታል ምንም አትነግርም። ታዲያ የስኳር ታካሚው አዲሱ ጤና ጣቢያ ሄዶ «ምን ትወስድ ነበር?» ሲባል «ነጯን ክኒን፣ ጠዋትና ማታ» ይላል። ነጭ ክኒን ስንት ዓይነት አለ መሰላችሁ? ሐኪሙ ከዜሮ ይጀምራል። ታካሚው ይሰለቻል። «ደህና ነኝ እኮ፣ ምንም አይሰማኝም» ይልና ይተዋል። ደም ግፊት ደግሞ የሚሰማ ሕመም የለውም፤ አንዳንዱ ሰው የሚያውቀው ስትሮክ ከመጣ በኋላ ነው።

የቲቢ ሕክምና ቢያንስ የወራት ጉዳይ ነው፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። መሃል ላይ ሲቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖቻችን ደግሞ ትንሽ ከተማ ውስጥ «ያውቁብኛል» ብለው በመስጋት ለመድኃኒት ብቻ ወደ ቀድሞው ከተማ ይመላለሳሉ። ስጋታችሁ ይገባኛል፣ አልፈርድም። ግን ይሄ አካሄድ የሚሠራው መንገድ ክፍት እስከሆነ፣ የትራንስፖርት ብር እስካለና ፈቃድ እስከተገኘ ብቻ ነው። አንዱ ሲጎድል መድኃኒቱ ይቋረጣል። የዝውውር ወረቀት አስጽፋችሁ ምቾት የሚሰጣችሁን ጤና ተቋም፣ አጎራባች ከተማ ያለም ቢሆን፣ ምረጡ።

ሌላው ቋንቋ ነው። በአማርኛ «ማታ» ሲባል ሌሊት ነው፤ በአፋን ኦሮሞ «ማታ» ራስ ነው። «ማታ ማታ ያመኛል» ያላችሁትን አማርኛ እምብዛም የማይናገር ባለሙያ ራስ ምታት ብሎ ሊሰማው ይችላል። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም። ስትታመሙ ግን አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጃችሁን ሳይሆን አዋቂ ሰው። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የማህፀን ችግር እንዲያስተረጉም ማድረግ ለልጁም ለእናትየውም ከባድ ነው። እናትየውም ዋናውን ነገር ትደብቃለች። የአካባቢውን ቋንቋ መማር ስትጀምሩም ከ«ስንት ነው ዋጋው» ቀጥሎ «ያመኛል»፣ «ትኩሳት» እና «ነፍሰ ጡር ነኝ» የሚሉትን ተማሩ።

አንዳንዴ ደግሞ «አየሩ አልተስማማኝም» ማለት «ብቸኝነቱ ከበደኝ» ማለት ነው። በባህላችን «ከፍቶኛል» ከማለት «አሞኛል» ማለት ይቀላል። ባሏን ተከትላ የሄደችው ሴት፣ ልጆቻቸው «እኛ ጋ ይሁኑ» ብለው ያመጧቸው እናት፣ ማንም የማያውቀው ወጣት ተመራቂ፣ ሁሉም ናፍቆት ይሰማቸዋል፤ ይሄ ተፈጥሮ ነው። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከከፋችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠላችሁ፣ የምትወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ፣ ይሄ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ ሂዱ። መኖር የማስጠላት ሐሳብ ከመጣ አንድ ቀንም አትጠብቁ። ጊዜ ማሳለፊያ ተብሎ የሚጀመረው ጫትና መጠጥ እንቅልፍ ይነሳል፤ ጫት ደግሞ የደም ግፊት ይጨምራል። እድር መግባት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሰው መተዋወቅ፣ የሰፈር ኳስ መጫወት ግን ለእኔ ከመድኃኒት የማይተናነስ ምክር ነው።

«ዶክተር፣ ዕቃ አውርደን ቤት እስክናስተካክል ራሱ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የት አለ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ዝውውር ያደክማል፣ ብርም ይጨርሳል። ግን የምጠይቃችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ግማሽ ቀን፣ ከገባችሁ በኋላ ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት፦

1. ከምትታከሙበት ቦታ አንድ ገጽ የሕክምና ማጠቃለያ ወይም የዝውውር ወረቀት አስጽፉ። የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ ካሸጉም ጭምር፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።
2. ቢያንስ የአንድ ወር፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ መድኃኒት ያዙ። መድኃኒት ዕቃ ጋር አይጫንም፣ በእጅ ይያዛል። ኢንሱሊን በተለይ ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥም ያበላሸዋል።
3. የልጆችን የክትባት ካርድ ያዙ። በሀገራችን የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል፤ በዝውውር መሃል ሁለተኛው በቀላሉ ይረሳል። ቢያልፍም ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያ አይጀመርም።
4. የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ አዲሱ ቦታ ላይ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ወረዳችሁን ጠይቁ።

ከገባችሁ በኋላ፦

1. መጀመሪያ የሚሰቀለው መጋረጃ ሳይሆን አጎበር ይሁን። ሙቀት ብሎ ውጭ የሚተኛም ከነአጎበሩ ይተኛ።
2. ሳትታመሙ ጤና ጣቢያውን አይታችሁ ኑ። ማታ ክፍት ነው? አምቡላንስ በማን ስልክ ይጠራል? የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ተዋወቁ።
3. ነፍሰ ጡር ካላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ክትትል ትጀምር። ወባ በእርግዝና ጊዜ ለእናትም ለጽንሱም አደገኛ ነው።
4. ትኩሳት ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ አድርጉ። «ታይፎይድ ነው» ብላችሁ በራሳችሁ አንቲባዮቲክ አትጀምሩ። መዘባረቅ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ መንቀጥቀጥ፣ መቆም አለመቻል፣ የሽንት መጥቆር ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካለ ቀንም ሌሊትም ወደ ሆስፒታል።

ለሥራ ባልደረቦቼ ሐኪሞችም አንድ ነገር ልበል። ታካሚ «ልሄድ ነው፣ ወረቀት ጻፉልኝ» ሲለን ወረፋው ቢበዛም እንጻፍለት። ለእኛ አምስት ደቂቃ ነው፤ ለእርሱ የሦስት ወር መንከራተት ይቀንስለታል። መሥሪያ ቤቶችም ክሊራንሱ ላይ አንዲት መስመር ቢጨምሩ የሚያወጡት ብር የለም።

ነባር ነዋሪዎችስ? አዲስ ጎረቤት ሲገባ ቡና ጠርታችሁ የገበያውን ቀን፣ የዳቦ ቤቱን ቦታ ትነግሩታላችሁ። እግረ መንገዳችሁን ጤና ጣቢያው የት እንደሆነም ንገሩት። ሲያተኩሰው ደግሞ «ትለምደዋለህ» አትበሉት፤ «ተነስ፣ አብረን እንሂድ» በሉት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

በዚህ ሰሞን ወደ ሌላ ክልል የሚዛወር ሰው ካወቃችሁ ይሄን ጽሑፍ ላኩለት። አዲሱ ቤታችሁ የሰላምና የጤና ይሁንላችሁ!