52 ሲቀነስ 27፦ በአሜሪካ ልጅ ለምናሳድግ ወላጆች

በአሜሪካ በምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት የልጆች የሒሳብ የቤት ሥራ የጠብ ምንጭ ሆኗል። የእንግሊዝኛውን ንባብ ለመምህሯ እንተዋለን። ሒሳብ ግን የትም አገር ሒሳብ ነው ብለን ስለምናምን እርሳሱን ተቀብለን እንቀመጣለን። ልጁ «ቲቸር እንደዚህ አላለችም» ይላል። እኛ ደግሞ «መልሱ ያው ነው፣ ዝም ብለህ ጻፍ» እንላለን። ልጁ ያለቅሳል፣ እኛም እንበሳጫለን። መምህሯ አንድ ነገር፣ አባቱ ሌላ ነገር ሲሉት ልጁ ሒሳብ የሚገባ ነገር መሆኑን ይጠራጠራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

52 ሲቀነስ 27ን እንውሰድ። እኛ የተማርነው ቁልቁል ጽፎ ከአስር ቤት መበደርን ነው፦ ከ12 ላይ 7 ሲቀነስ 5፣ ከ4 ላይ 2 ሲቀነስ 2፣ መልሱ 25። የሁለተኛ ክፍል ልጃችን ግን መስመር ያሰምርና ከ27 ይነሳል። 3 ዘሎ 30 ይደርሳል፣ 20 ዘሎ 50፣ 2 ዘሎ 52። የዘለላቸውን ሲደምር 25 ያገኛል። ይህን ሳይ ትዝ የሚለኝ የሰፈራችን ባለሱቅ ነው። የ27 ብር ዕቃ ገዝተን ሃምሳ ብር ስንሰጠው ወረቀት ላይ አይቀንስም፤ «ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ» እያለ መልሱን እጃችን ላይ ይቆጥርልን ነበር። ልጁ የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

መበደርን ሳይገባው የሸመደደ ልጅስ ምን ያደርጋል? ብዙ ጊዜ 35 ብሎ ይጽፋል። ከ7 ላይ 2 ቀንሶ 5፣ ከ5 ላይ 2 ቀንሶ 3። «ትንሹን ከትልቁ ቀንስ» የሚል ሕግ ለራሱ አውጥቷል ማለት ነው። ይህ የግዴለሽነት ስህተት አይደለም። ልጁ አስቧል፤ ነገር ግን በ52 ውስጥ ያለው 5 ሃምሳ መሆኑን ገና አላየም። ኤክስ አድርገንበት ብናልፍ፣ ወይም ብንቆጣው፣ ነገም 35 ይጽፋል። «እስቲ እንዴት እንዳገኘኸው ንገረኝ» ብንለው ግን የተሳሳተበትን ቦታ ራሱ ያሳየናል። ከዚያ አምስት ባለ አስር እና ሁለት ባለ አንድ ዶላር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና 27 ዶላር እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። ሁለት ባለ አስር ይሰጣል። ሰባቱን ለመስጠት ግን በእጁ ያለው ሁለት ዶላር ብቻ ስለሆነ አንዱን ባለ አስር መዘርዘር ግድ ይሆንበታል። ሲዘረዝረው መበደር ምን እንደሆነ ያኔ ይገባዋል።

«ታዲያ እኛ የተማርነው ተጣለ ማለት ነው?» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። አልተጣለም። ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት፣ በ2010 የወጣው ኮመን ኮር የተባለው የትምህርት መመዘኛ ቁልቁል መደመርንና መቀነስን በ4ኛ ክፍል፣ ቁልቁል ማባዛትን በ5ኛ፣ ረጅሙን ማካፈል በ6ኛ ክፍል ልጁ አቀላጥፎ እንዲሠራ ይጠይቃል። ቨርጂኒያ የራሷ መመዘኛ አላት። የሚቀድመው የቁጥሩን ትርጉም ማወቅ ነው፤ የእኛ መንገድ በጊዜው ይመጣል።

የቃል ጥናትም አልቀረም፤ እኛ የምንበረታበትም እዚህ ላይ ነው። በዚያው መመዘኛ መሠረት ልጁ 2ኛ ክፍልን ሲጨርስ የአንድ አሃዝ ቁጥሮችን ድምር፣ 3ኛ ክፍልን ሲጨርስ ደግሞ የማባዣ ሰንጠረዡን በቃሉ ማወቅ አለበት። ትምህርት ቤት ለዚህ የሚተርፈው ጊዜ ብዙ አይደለም። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ያህል፣ መኪና ውስጥም ቢሆን፣ ያለ ቁጣ መጠየቅ ይበቃል። 7 ጊዜ 8 ከጠፋው መልሱን ከመንገር ይልቅ 5 ጊዜ 8 ስንት ነው በሉት። 40 ይላል። ሁለት ስምንት ሲጨምርበት 56 ይደርሳል፤ በሚቀጥለው ጊዜም መንገዱን አይረሳውም።

ቁጣን ያነሳሁት የእኛ ስሜት በልጁ ላይ ስለሚያርፍ ነው። በ2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የ1ኛ እና የ2ኛ ክፍል ልጆችን ተከታትሎ ነበር። ሒሳብ የሚያስፈራቸው ወላጆች የቤት ሥራ አዘውትረው በሚያግዙበት ቤት ልጆቹ በዓመቱ ውስጥ የተማሩት ሒሳብ አነሰ፣ እነርሱም ሒሳብን ይበልጥ ፈሩ። «እኔም ሒሳብ አይገባኝም ነበር» የምትለዋ ቃላችን ቀላል አይደለችም። ባትነገር ይሻላል።

ሌላው ነገር ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛዬ ስለማይበቃ ላስረዳው አልችልም የምትሉ እናቶችና አባቶች፣ በአማርኛ አስረዱት። የእንግሊዝኛውን ስያሜ ከመምህሯ ያገኘዋል፤ በአማርኛ የገባው ነገር በእንግሊዝኛ አይጠፋበትም። ደግሞም በእኛ ቤት ሌላው ቤት የሌለ ሒሳብ አለ። ዋሽንግተን በክረምት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ያሉት አያቱ ስንት ሰዓት ላይ ናቸው? 8 ሰዓት ጨምሮ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይደርሳል። በበጋ የአሜሪካ ሰዓት ስለሚቀየር ልዩነቱ 7 ይሆናል። 12 ወር በ30 ቀን ተባዝቶ፣ ጳጉሜን 5 ተጨምሮ ስንት ይመጣል? በሜይ 2017 አጋማሽ የተወለደች ልጅ በእኛ ግንቦት 2009 መወለዷን፣ ከመስከረም ጀምሮ ግን የዓመቱ ልዩነት ከ8 ወደ 7 የሚወርድበትን ምክንያት ራሷ ትፈልገው። ይህ ለ3ኛ ክፍል ልጅ የሚመጥን ጥሩ ጥያቄ ነው።

በሚቀጥለው የወላጅና የመምህር ስብሰባ ላይ እንዳትቀሩ። «ልጄ ጎበዝ ነው?» ከማለት ይልቅ የትኞቹን ቁጥሮች በቃሉ እንደሚያውቅ፣ በምን ዓይነት ጥያቄ ላይ እንደሚሳሳት፣ መምህሯ በየትኛው ዘዴ እንደምታስተምር ጠይቁ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ ትምህርት ቤቶችም በዚሁ ውስጥ ናቸው። የሜሪላንዱ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች መረጃ የሚያወጡባቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ አለ። አስተርጓሚ የምትፈልጉ ከሆነ ቀጠሮውን ስትይዙ አስቀድማችሁ ተናገሩ።