ማሳሰቢያ፦ በጣና ዳር ለሚኖሩና እርዳታ ለሚያሰባስቡ

ይህ ማሳሰቢያ ለሁለት ወገን የተጻፈ ነው፤ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከም፣ በደንቢያና በደቅ ደሴት ባሕሩን ተጠግተው ለሚኖሩት፣ እንዲሁም አደጋ ደረሰ ሲባል ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ገንዘብና ልብስ ለሚያሰባስቡት። በባሕሩ ላይ የሚነሳው ወጀብ ቢበዛ አንድ ከሰዓት ይቆያል። ጉዳቱ ግን ክረምቱን አልፎ እስከ በጋው መጨረሻ ይዘልቃል፤ እርዳታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ሳምንት አያልፍም። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ባሕሩ። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነበት እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነሳበት ወዲያው ይናወጣል፤ ሞገዱም አጭርና ተከታታይ ስለሚሆን ታንኳው ከአንዱ ሳይወጣ ሌላው ይደርስበታል። ጠዋት ፀጥ ያለው ባሕር ከቀትር በኋላ እንደሚለወጥ ታንከኛው ከማንም የተሻለ ያውቃል። ሆኖም ገበያ ያመሸበት ሰው አሳፍረኝ ብሎ ሲለምነው እምቢ ማለት ይቸግረዋል። እምቢ ይበል። ውኃ የጠጣና የከበደ የደንገል ታንኳ ሰው ሊደረብበት አይገባም። የነፍስ አድን ጃኬት የሚገዛበት አቅም የሌለው፣ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን በገመድ ከወገቡ ጋር ይሰር፤ ሰውን አንሳፍፎ ይይዛል። ነጎድጓድ የተሰማ እንደሆነ ወደ ዳር መቅዘፍ ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ውኃው መመለስ፣ ከዛፍ ሥር መጠለል ወይም ሜዳ ላይ ከብት መሐል መቆም አይገባም።

ወደ ቤቱ ስንመጣ፣ ቆርቆሮ የሚገነጠለው ነፋሱ በጣራው ጠርዝ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ሲገፋው ነው። ሚስማሩ የተመታው ቀጭን የባሕር ዛፍ ማገር ላይ ብቻ ከሆነ ማገሩ ከነቆርቆሮው ይነቀላል። ማገሩን ከወራጁ፣ ወራጁን ከግድግዳው ቋሚ ጋር በሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ወጪው ትንሽ ነው፤ ከሰኔ በፊት ይሠራ። ጣራ ላይ ድንጋይ መጫን የተለመደ ቢሆንም እኔ አልመክርም፤ ቆርቆሮው ሲነሳ ድንጋዩ የሚወርደው በተኙት ልጆች ላይ ነው።

ከወጀቡ ጋር የሚመጣው ጎርፍ ለብቻው መታየት አለበት። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አፈር ጠርገው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ፤ ታች ሲደርሱ ደለሉ መሄጃቸውን ይሞላዋል፣ የሞላው ባሕርም ይመልሳቸዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ድሬዳዋ በጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ባጣችበት በዚያው ወቅት፣ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን አንድ ነገር አለ፦ የጣና ውኃ ከፍ ብሎ ጫፍ የሚደርሰው ዝናቡ በበረታበት በሐምሌ ሳይሆን በመስከረም ነው። ለእንቁጣጣሽ ሰማዩ ጠራ ብሎ ጎታውን ወደ መሬት ያወረደ ሰው ቸኩሏል። ለዘር የተቀመጠው እህል ክዳኑ በጠበቀ ደረቅ ጀሪካን ይቀመጥ፤ የመሬት ይዞታ ደብተሩና መታወቂያውም እዚያው ይግቡ። ጀሪካኑ ቢንሳፈፍ እንኳ ተፈልጎ ይገኛል። የረጠበ ዘር ግን አንድ ጊዜ ከበቀለ ወይም ከሻገተ አልቆለታል።

ውኃው ሲጎድል የጉድጓዱና የምንጩ ውኃ ከመጸዳጃው ፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። መቼም መልኩ የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ይመስላል! ማፍላት ይበጃል፤ እንጨቱ ረጥቦ ማፍላት ካልተቻለ በጨርቅ አጥልሎ ውኃ አጋር የተባለውን የውኃ ማከሚያ መድኃኒት እንደ መመሪያው መጨመር ነው። ደፍርሶ ባለ ውኃ ላይ መድኃኒቱን ማፍሰስ ብቻውን አይሠራም። በድንገት ወድቆ የተገኘ ከብት ደግሞ ሥጋው አይበላ፣ ቆዳውም አይገፈፍ፤ አባ ሰንጋ ጎርፍ ካለፈበት መሬት ብቅ የማለት ልማድ አለው። አንድ በሬ የሞተበት ድሃ ገበሬ ቅበረው ሲባል ምን እንደሚሰማው አላጣሁትም፤ ቢሆንም ይቅበረው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልመለስ። አሮጌ ልብስ በመኪና ጭኖ መላክ ለላኪው ደስ ይላል፤ ለተቀባዩ ግን ከጭነት ማራገፊያው ወጪ የሚያንስ ጥቅም ነው ያለው። የዱቄት ወተት በፍጹም አትላኩ። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ጡጦ ሕፃን ይገድላል፤ ለምታጠባ እናት ምግብ መስጠት ልጁን መመገብ ነው። የሚያስፈልገው ሸራ፣ ሽቦና ሚስማር፣ አጎበር፣ የዘር ሽምብራና የከብት መኖ ነው። መኖው ተዘንግቶ ሲቀር ገበሬው የፎገራ ላሙንና በሬውን በማይረባ ዋጋ ለነጋዴ ያስረክባል፤ በሬ ከሄደ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ጥቂት መኪና ድርቆሽና ጭድ ይህን ሊያስቀር ይችላል። ገንዘብ የምትሰጡም ብትሆኑ በቴሌብር ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ሰብሳቢው ማን እንደሆነ፣ ለየትኛው ቀበሌ እንደሚያደርስና ደረሰኝ እንዳለው ጠይቁ። ሐቀኛ ሰብሳቢ በጥያቄ አይቀየምም።

የተረጂዎች ዝርዝር ሲወጣ ሁልጊዜ የሚዘለሉ አሉ። በባሕር ሸሽ መሬት ላይ የሚያርስ፣ የእኩል አራሽ፣ ባል የሌላት ሴት፣ ደብተር የሌለው ወጣት። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩትና ዓሣ የሚያጠምዱት የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች ከሁሉም በላይ ለውኃው ቅርብ ሆነው ሳለ ከሁሉም ኋላ ይጠራሉ። ዝርዝሩን የሚጽፈው ኮሚቴ በየደጁ ሄዶ ይጻፍ፤ ስብሰባ ላይ ከተገኘው ሰው አፍ ብቻ አይሙላ።

ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ግን ጓያን ነው። ጓያ ውኃ የማይበግረው እህል ነው፤ ጎርፍ ባለፈበት እርጥብ መሬት ላይ ይዘራል፣ ብዙ አይጠይቅም፣ ሌላው ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ለዚህም ነው ክፉ ዘመን ሲመጣ በድሃ ቤት ጎታ ውስጥ ብቻውን የሚቀረው። ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ምግብ ጓያ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ከዘለቀ በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያስራል፤ አንድ ጠዋት ጉልበት ይከዳል፣ ሰውየው በበትር መሄድ ይጀምራል፣ ከዚያም የሚመልሰው መድኃኒት የለም። በደንቢያና በፎገራ ይህ በሽታ በሐኪሞች ተጠንቶ የተጻፈ ነው፤ በወሎ ደላንታም የሰብል መጥፋትን ተከትሎ ብዙ ሰው አሽመድምዷል። የሚበረታው በወጣት ወንዶች ላይ ነው፤ ማለትም በሬውን በሚጠምዱት ላይ።

ጓያ አትብሉ ብሎ መለፈፍ ከንቱ ነው፤ የሚበላ ሌላ የሌለው ሰው ይበላል። ስለዚህ አበላሉ ይታወቅ። እሸቱን በጥሬው፣ እንዲሁም ቆልቶ ወይም በንፍሮ መልክ መብላት የከፋው መንገድ ነው። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል። ከገብስ፣ ከበቆሎ ወይም ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ፣ ሊጡንም አቡክቶ መጋገር የተሻለ ነው፤ ድርሻው ከሩብ ባይበልጥ ይመረጣል። ለመቀላቀል ግን የሚቀላቀል እህል ያስፈልጋል፤ የእናንተ ገንዘብ የሚፈለገውም እዚህ ላይ ነው። በነሐሴ የተሰበሰበው ሁሉ በነሐሴ አይለቅ። ግማሹ ይቆይና በቆሎው ሲረክስ ተገዝቶ ይቀመጥ፤ ጓያው ታጭዶ ወደ ቤት ከሚገባበት ከየካቲት ጀምሮ እስከሚቀጥለው ክረምት ይከፋፈል። የማን ጎታ ውስጥ ጓያ ብቻ እንደቀረ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከማንም ቀድማ ታውቃለች፤ እህሉ ከመጫኑ በፊት እሷን ጠይቁ።