ለላሜራው አታጨብጭቡ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ፎቶ ላከልኝ። የለንደን አውቶቡስ ሻንሲ ላይ የብረት ሳጥን የተጫነበት የ1914 የጦር መኪና ነው። ከሥሩ «ቲቸር፣ እንግሊዞች ከባስ ታንክ ሠሩ! ሰው ከፈለገ ምን ያቅተዋል!» ብሎ ጽፏል።

ፎቶውን ወደድኩት፣ ድምዳሜውን ግን አልቀበልም። ይህን ነገር ከብዙ ሰው አፍ ስለምሰማው እዚሁ ልመልስ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1914 መጸው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወደ ደንከርክና አንትወርፕ ወታደር ላከ። ማጓጓዣ ስላልበቃ የለንደን አውቶቡሶች ከነሹፌሮቻቸው ተወሰዱ። ቢ-ታይፕ የሚባሉት ባለፎቅ፣ 34 ሰው የሚጭኑ አውቶቡሶች ናቸው። የንግድ ማስታወቂያቸው እንኳ ሳይነሳ የዘመቱ ነበሩ። ከነዚህ የጥቂቶቹ አካል ተነሥቶ ሻንሲው ላይ ላሜራ ተገጠመ፣ መተኮሻ ቀዳዳ ተበሳ፣ ወታደር ተጫነበት።

ያ ላሜራ ምን ነበር? የእንፋሎት ቦይለር የሚሠራበት ብረት! ለጥይት የተሠራ አይደለም። ከቅርብ የተተኮሰ ተራ የጠመንጃ ጥይት ይበሳዋል። መኪናውም የከተማ መኪና ነው፤ ጎማው ድፍን፣ የሚነዳው በኋላ እግሩ ብቻ። ከኮብልስቶኑ ወጥቶ ጭቃ ከገባ አለቀለት። ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ ምሽጉ ከባሕር እስከ ስዊዘርላንድ ድንበር ተዘረጋ፤ ጭራሽ የሚሄድበት መንገድ ጠፋ።

ይህን ብልሃት ትሉኛላችሁ። እኔ «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ነው የምለው። ማስረጃ? ፍሬድሪክ ሲምስ የሚባል ሰው 6 ሚሊ ሜትር ብረት የለበሰ የጦር መኪና ሠርቶ በ1902 እዚያው ለንደን፣ ክሪስታል ፓላስ ላይ አሳይቷል። የጦር ሚኒስቴሩ አልፈለገውም። ከ12 ዓመት በኋላ ወታደሩን የቦይለር ብረት ውስጥ አስቀመጡት። ታዲያ የሚጨበጨበው ለማን ነው?

«ግን ከዚያ ታንክ ተወለደ» የሚል አይጠፋም። ታንክ በመስከረም 1916 ሶም ላይ ወጣ፣ ልክ ነው። የተሠራው ግን በሰንሰለት በሚሄድ ትራክተር ሐሳብ እንጂ በባስ ሻንሲ አይደለም። ባሱ ያስተማረው የማይሆነውን ነው።

መደነቅ ካለብን በባሱ በራሱ እንደነቅ። ቢ-ታይፕ በ1910 ሲወጣ ክፍሎቹ አንድ ዓይነት ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ከአንዱ የተፈታው ለሌላው ይገጥማል። ያው ኩባንያ በጥቅምት 1911 የመጨረሻውን የፈረስ አውቶቡሱን ከጎዳና አነሣ። በጦርነቱ 900 ያህል ቢ-ታይፖች ካኪ ተቀብተው፣ መስኮታቸው በሳንቃ ተመቶ ወታደር ሲያመላልሱ ከረሙ። ይህን ያስቻለው መለዋወጫ፣ ጋራዥና መካኒክ ነው። የንድፉ መሐንዲስ ፍራንክ ሰርልም ኋላ የታንክ ጦሩን የጥገና ሥራ መርቷል። ከባስ ወደ ታንክ የተሻገረ ነገር ካለ ይሄ ነው፤ ላሜራው አይደለም።

ዲፕሎማ ይዞ ስለ እንግሊዝ ጦር ምን አገባው የምትሉ አላችሁ። ያገባኛል። አንድ ዓመት የአውሮፓን ካርታ የማዳበሪያ ጀርባ ላይ በከሰል ስዬ አስተማርኩ። በስብሰባ ላይ አስነሥተው «ከአካባቢ ቁሳቁስ የሠራ ጎበዝ መምህር» ብለው አስጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በዓመቱ ካርታ ስጠይቅ «አንተማ ትችልበታለህ» ተባልኩ። ጭብጨባው የካርታውን ቦታ ተካ ማለት ነው። ማዳበሪያው አሁንም አለ፤ ኢጣልያ ላይ ተቀዷል።

እኔን ግን ጥይት አልበሳኝም። ኋላ ወንበር ያሉ ተማሪዎቼ ካርታው ሳይታያቸው ዓመቱ አለቀ እንጂ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ በጭንቅ ቀን ላሜራ የገጠሙትን ሠራተኞች አክብር፣ የቻሉትን አድርገዋል። ግን «ምን ያቅተዋል» ከማለትህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፦ 12 ዓመት ሙሉ የተኛው ማን ነው? ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠውስ?

ያልተስማማችሁ ጻፉልኝ፣ እከራከራለሁ። ስድብ ግን አጠፋለሁ።