የሚያንጠባጥብ ፓምፕና የሲሊኮን እምነት

በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ብስክሌት የውሃ ፓምፑ ከተለወጠለት በኋላ ዳግመኛ ማንጠባጠብ የጀመረ እንደሆነ፥ በየጋራዡ መምህሩም ደቀ መዝሙሩም አንድ ቃል ሆነው የሚያዝዙለት መድኃኒት ሲሊኮን ነው፤ በመክደኛው ዙሪያ ይለቀለቃል፥ ብሎኖቹ እጅ እስኪዝል ይጠበቃሉ፥ ይህም ያልበቃ እንደሆነ ቀዳዳ ይደፍናል የተባለ ዱቄት በራዲያተሩ አፍ ይጨመራል። ልማዱ ከመብዛቱ የተነሣ የሙያው ሥርዓት መስሎ ስለ ታየ፥ የሚቃወመው ሰው እንደ መናፍቅ ቢቆጠር አያስደንቅም፤ እኔ ግን ይህ ግብር ጥገና መባሉ ቀርቶ የምስክርን አፍ መለጎም ይባል እላለሁ።

ይህን የምልበት ምክንያት በፓምፑ በራሱ አሠራር ውስጥ አለ። የፓምፑ ዘንግ በአንድ ወገን ከሞተሩ ዘይት፥ በሌላው ወገን ከማቀዝቀዣው ፈሳሽ ጋር ስለሚገናኝ፥ ሠሪዎቹ በዘንጉ ላይ ሁለት ሲሎች አኑረው፥ በሁለቱ መካከል ወደ ውጭ የምታወጣ ትንሽ ቀዳዳ ትተዋል፤ የተተወችውም ኩላንት ብታወጣ የውሃው ሲል፥ ዘይት ብታወጣ የዘይቱ ሲል መድከሙን እንድትመሰክር ነው። እንግዲህ ይህችን ቀዳዳ በማስቲሽ የሚደፍን መካኒክ መውጫውን ዘግቶ ፈሳሹን ወደ ውስጥ መለሰው እንጂ አላቆመውም፤ ፈሳሹም የዘይቱን ሲል አልፎ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል፥ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ እስኪታይም ድረስ የሚያውቅ የለም፤ በዚያን ጊዜ ኩሽኔታዎቹ መበላት ጀምረዋል።

ደግሞ «ጥቂት ጠብታ ምን ታደርጋለች፥ ውሃ እየጨመርክ ንዳ» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚጎድለው ውሃ ብቻ ይመስላቸዋል። የብዙዎቹ ራዲያተሮች ክዳን በ1.1 ባር ገደማ ግፊት የሚይዝ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች በክፍት ዕቃ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፥ በክዳኑ ግፊት ሥር ግን ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። የሚያፈስ ፓምፕ ይህን ግፊት ስለሚያጠፋ፥ በቆላ ምንም ያልታወቀው ጉዳት በደጋው ዳገት ላይ ሞተሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ከፓምፕ ለውጥ በኋላ የሚመጣው ማንጠባጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከገጣሚው እጅ ነው። አሮጌው ኦሪንግ ተመልሶ ገብቶ፥ ወይም አዲሱ ከቦዩ ወጥቶ በመክደኛው ሥር ተቆንጥጦ ይሆናል፤ የአሉሚኒየሙ ፊት ከቀድሞው ጋስኬት ቅሪት ሳይጸዳ፥ ወይም በካቻቢቴ ሲፋቅ ተጭሮ ይሆናል፤ የማፍሰሻው ብሎን የመዳብ ሮንዴላው ሳይለወጥ ተመልሶ ይሆናል። ከሁሉም የረቀቀው ግን የውሃው ሲል ነው፤ የሚያሽገው ሁለት እጅግ የለሰለሱ ፊቶች፥ አንዱ ካርቦን ሁለተኛው ሴራሚክ፥ በሞላ ተገፍተው እርስ በርሳቸው በመግጠማቸው ነውና፥ በግራሶ እጅ የተነካ ወይም በመዶሻ ተመትቶ ዘንበል ብሎ የገባ እንደሆነ፥ ከውጭ ሰባት ጊዜ ሲሊኮን ቢቀቡት አይሰማም። ብሎኖቹማ በብዙ ሞተሮች ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ የሚበቃቸው ከ10 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ አልፎ የጠበቀ ብሎን የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይነቅላል፥ መክደኛውንም ያጣምማል፥ የተጣመመውም መክደኛ ያፈሳል፥ ስላፈሰሰም ሲሊኮን ይቀባል።

ምርመራው እኮ እንደሚፈራው አይከብድም። ሲሞላ የፈሰሰው ኩላንት በሞተሩ ጎድጓዳ ስፍራ ተኝቶ በኋላ ስለሚንጠባጠብ፥ አስቀድሞ ሁሉን ማጠብና ማድረቅ ይገባል፤ ከዚያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ግፊት መለኪያ ገጥሞ፥ ከክዳኑ መጠን ሳያልፉ ነፍተው፥ በባትሪ ብርሃን እያዩ መጠበቅ ነው። ጠብታው የሚወድቅበትን ትቶ የሚነሣበትን መፈለግ ያስፈልጋል፤ ፈሳሽ የብረቱን ጠርዝ ተከትሎ ሩቅ ይሄዳልና።

ሲሊኮንን ፈጽሞ አልነቅፍም፤ የአምራቹ መጽሐፍ ባዘዘበት መጋጠሚያ፥ በስሱ ሲቀባ ተገቢ ነው። በፓምፕ መክደኛ ላይ በወፍራሙ ሲለጠፍ ግን ትርፉ ወደ ውስጥ ይፈነቀላል፥ ተቆርጦም እንደ ዱቄቱ ሁሉ በራዲያተሩ ጠባብ ቱቦዎች ይሰነቀራል። «ደንበኛው ርካሽ ይፈልጋል» የሚለውን ምክንያት አልቀበልም፤ የሲልና የኦሪንግ ዋጋ ከራዲያተርና ከሞተር እድሳት ጋር አይነጻጸርም፥ ይህንንም ለደንበኛው መንገር ያለበት መካኒኩ ነው። ባለ ሞተሩም ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት አሮጌውን ሲል፥ አሮጌውን ኦሪንግና ሮንዴላ አሳዩኝ ማለት መብቱ ነው፤ ማሳየት ካቃታቸው ሞተሩን ከጋራዡ አያውጣ።