የቡድኑ ባለቤት ማን ነው?

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በአዳማ፣ በሞጆ ወይም በመተሐራ ዋና መንገድ የሚያልፍ ሰው፣ ከየዲኤስቲቪ ቤቱ የሚፈልቀውን ሁካታ ሳይሰማ አያልፍም። በአግዳሚ ላይ ተጠባብቆ የተቀመጠው ወጣት የሚሟገተው ስለ ኳሱ ጥበብ ብቻ አይደለም። የክርክሩ እኩሌታ ስለ ገንዘብ ነው። የማን ሼህ ስንት አወጣ? የማን ባለሀብት ሰስቶ ቡድኑን ለውርደት ዳረገ? ሾፌሩም፣ መምህሩም፣ የፋብሪካው ሠራተኛም በኪሱ ስለሌለው ሚሊዮን እንደ ግምጃ ቤት ሹም ይከራከራል።

በዚህ ሙግት ሁለት ወገኖች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው «ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ያውጣ!» ይላል። ማስረጃም አያጣም። ሮማን አብራሞቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ቼልሲን ከገዛ በኋላ፣ ቡድኑ ለ50 ዓመት የራቀውን የሊግ ሻምፒዮንነት በ2005 አገኘ። በ2008 በአቡ ዳቢው ሼህ መንሱር እጅ የገባው ማንችስተር ሲቲም በ2012 ከ44 ዓመት ጥማት ተገላገለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዋንጫው ተሸመተ እንጂ በላብ አልተገኘም» ሲል ይመልሳል፤ በ2017 የፓሪሱ ክለብ ለኔይማር ዝውውር 222 ሚሊዮን ዩሮ መክፈሉንም እንደ ነውር ይቆጥራል።

ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር ስተዋል። ቁም ነገሩ ስንት ወጣ ሳይሆን፣ ያወጣው ሰው ተጠያቂነቱ ለማን ነው የሚለው ነው። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ማግሥት፣ በመጋቢት 2014 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ መንግሥት የአብራሞቪችን ንብረት ሲያግድ ቼልሲ አዲስ ቲኬት እንኳ መሸጥ ተከለከለ። ከ100 ዓመት በላይ የኖረ ቡድን በአንድ ሰው ዕጣ ላይ ተንጠልጥሎ ታየ። በአንጻሩ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. 12 ባለጸጋ ክለቦች ለራሳቸው ብቻ የተከለለ «ሱፐር ሊግ» ሲያውጁ፣ የእንግሊዝ ደጋፊ አደባባይ ወጣ፤ 6ቱ የእንግሊዝ ክለቦችም በ2 ቀን ውስጥ አፈገፈጉ። በጀርመንም በልዩ ሁኔታ ከተፈቀደላቸው ጥቂቶች በቀር፣ የክለቡ አባላት የድምፅ ብልጫውን ይዘው እንዲቆዩ ደንቡ ያስገድዳል። እንግዲህ የተመልካች ድምፅ ጩኸት ብቻ ነው ያለው ማነው?

«ለሰው ብለው ሲያሙ ለእኔ ብለህ ስማ» ይላል ያገሩ ሰው። በፕሪሚየር ሊጉ ለዓመታት የተጫወተው አዳማ ከተማ ሼህ የለውም። ወንጂ ስኳርና መተሐራ ስኳር ስማቸውን ከፋብሪካዎቻቸው እንደ ወሰዱ ሁሉ፣ አዳማ ከተማም ስሙንም ቀለቡንም የሚያገኘው ከከተማው ነው። የአገሪቱ ክለቦች አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች በጀት ይተዳደራሉ። ይህ ገንዘብ ከባለሱቁና ከደመወዝተኛው ግብር የሚመጣ፣ ከውኃ ቧንቧና ከመማሪያ ክፍል ጋር የሚሻማ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በአግዳሚው ላይ ተቀምጦ በሰው ሼህ የሚቀናው ወጣት፣ ሳያውቀው ራሱ ባለሀብት ነው!

ባለሀብት ሆኖ ሳለ ግን ስለ ሒሳቡ የሚጠይቀው ማንን ነው? በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦች የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ከመመሪያው ውጪ ይከፈላል የሚለው ሐሜት ግን አልቆመም። ጣሪያ ተሠራ እንጂ መስኮት አልተከፈተም፤ የክለብ ሒሳብ በደጋፊ ፊት ሲነበብ እምብዛም አልታየምና። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ በመጀመሩ፣ አዳማም በዩኒቨርሲቲዋ ስታዲየም ያስተናገደችበት ጊዜ ቢኖርም፣ ደጋፊ ቡድኑን ከሜዳው አጥቶ በመስኮት ቴሌቪዥን የሚያይበት ወራት በዛ። በዚህ ሁሉ መካከል «ግዙ! ጨምሩ!» እያለ የሚጮህ ደጋፊ፣ ዘረፋ ባይሆን እንኳ፣ የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ የሚዘርፈውን ሞኝ ይመስላል።

የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ ይከፈለው የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የላቡን ዋጋ ያግኝ። ቅሬታው በደመወዙ ላይ ሳይሆን፣ ገንዘቡ ለአንድ ዓመት እንግዳ ሲፈስ በወንጂ አቧራ ላይ በባዶ እግሩ ለሚሮጠው ሕፃን ኳስ መጥፋቱ ላይ ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው የሉቺያኖ ቫሳሎና የመንግሥቱ ወርቁ ቡድን ከገበያ አልተሸመተም፤ ከየሰፈሩ ሜዳ የበቀለ ነበር።

ስለዚህ የውድድር ዘመን ሳይከፈት የክለቡ በጀት በከተማው አዳራሽ ይነበብ። ደጋፊው በምርጫ የላከው ሰው በቦርዱ ይቀመጥ። ለታዳጊዎች የሚውለው ድርሻ ተለይቶ ይታወቅ። ትያትር የከፋው ተመልካች አዳራሹን ጥሎ ይወጣል፤ የቡድን ደጋፊ ግን ጥሎ የሚሄድበት ሌላ ቤት የለውም። ስለዚህም መጠየቅ ግዴታው ነው። መምህሩ በክፍሉ፣ የኪነ ጥበብ ሰው በመድረኩ፣ ካድሬውም በስብሰባው ይህንን ጥያቄ ያንሣ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን በዲኤስቲቪ ቤቱ አግዳሚ ላይ ይነሣ።