«ካሣ አይከፈልም» የሚለው ደብዳቤ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርሰው አውራ ጎዳና ለጋይንት ነጋዴ የኑሮው መሠረት ነው። የስማዳና የእስቴ ገበያም ከዚሁ መንገድ ጋር የተሳሰረ ነው። ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ቆርቆሮውና ጨርቁ በመኪና ይገባል፤ ገብሱ፣ ባቄላውና ድንቹም በመኪና ይወጣል። ዳሩ ግን የጉና ጉም፣ የክረምቱ ጭቃና የገደሉ ጠርዝ ለማንም አያዳሉም። መኪና ይገለበጣል፤ ሰው ይጎዳል፤ ንብረት ይጠፋል። ይህ የታወቀ መከራ ሲሆን፣ ነጋዴውን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው አደጋ ነው፤ እርሱም «ያቀረቡትን የካሣ ጥያቄ ለመቀበል አንችልም» የሚለው የኢንሹራንስ ድርጅት ደብዳቤ ነው።

ይህ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ከሁለት አንዱን ሲያደርግ ይታያል። አንዱ «ዕድሌ ነው» ብሎ ዝም ይላል፤ ሌላው ድርጅቱን በየሻይ ቤቱ እየረገመ ይውላል። ሁለቱም ምንም አይጠቅሙም። ኢንሹራንስ ውል ነውና የተከለከለውም የተፈቀደውም ከውሉና ከሕጉ ውስጥ ተፈልጎ መገኘት አለበት።

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ ኢንሹራንስ የደነገገው ክፍል፣ በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ ከወጣ በኋላም ጸንቶ ይሠራበታል። በዚህ ሕግ መሠረት ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ስለ ንብረቱ የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል መናገር አለበት፤ ሆን ብሎ የደበቀ ወይም የዋሸ እንደ ሆነ ውሉ ይፈርሳል። አደጋ ሲደርስም፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካልገጠመ ወይም በውሉ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ይገባዋል። በአንጻሩ ደግሞ ሕጉ ባለመድኑንም ይጠብቃል። ጉዳቱ በቸልተኝነት ስለ ደረሰ ብቻ ድርጅቱ ከኀላፊነት አይድንም፤ የሚድነው ሆን ተብሎ የተደረገ ጥፋት ሲሆን ነው። ስለዚህ «ሾፌሩ ጥንቃቄ ጎድሎታል» የሚል ባዶ ቃል ብቻውን የክልከላ ምክንያት ሊሆን አይበቃም።

በንፋስ መውጫና በአካባቢዋ ግን ከሕጉ ቃል ይልቅ ነጋዴውን የሚያሰናክለው መልካሙ ልማድ ራሱ ነው። ለምሳሌ የአንድ ባለሱቅ የጭነት መኪና በገበያ ቀን አንድ ገበሬ ገጭታለች ይባል። ወዲያው ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ባለመኪናው «አጥፍቻለሁ» ብሎ ድንጋይ ይሸከማል፤ የካሣው ልክ ተቈርጦ በወረቀት ይፈረማል፤ ቤተ ዘመድም ይታረቃል። ይህ ሁሉ ደም እንዳይፈስ የሚያደርግ የአባቶች ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ በኢንሹራንስ ፖሊሲዎች ላይ ባለመድኑ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ጥፋት እንዳያምን፣ ገንዘብም ለመክፈል ቃል እንዳይገባ የሚከለክል ቃል በብዛት ይገኛል። ሰውየው ከሁለት ሳምንት በኋላ የእርቁን ወረቀት ይዞ ወደ ድርጅቱ ቢሄድ፣ ያች ወረቀት ራሷ መከልከያ ትሆንበታለች።

እንግዲህ እርቁ ይቅር ማለት አይደለም። የተጎዳውን ማሳከም፣ ቢሞትም ለቅሶ መድረስና ቤተሰቡን ማጽናናት የሰውነት ግዴታ ነው። ለሽማግሌዎች ግን «የካሣው ልክና የጥፋቱ ነገር ኢንሹራንሱ ሳያውቀው አይጻፍ» ብሎ በግልጥ መንገር ይገባል። ሽማግሌ አስተዋይ ነውና፣ ለተጎዳው ቤተሰብ የሚከፈለው ገንዘብ እንዳይቀር የሚደረግ መሆኑን ሲረዳ እሺ ይላል።

ሌላው የስሕተት ምንጭ የኢንሹራንሱን ዓይነት አለማወቅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በመኪናው ለተጎዳ ለሌላ ሰው ነው እንጂ ለራስ መኪናም ሆነ ለተጫነው ዕቃ አይደለም። መኪና ተከራይቶ ዕቃ የሚያስጭን ባለሱቅም የባለመኪናው ኢንሹራንስ ስኳሩንና ዘይቱን ይሸፍንልኛል ብሎ ቢያምን ይሳሳታል፤ ለዕቃው ራሱን የቻለ ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ በዘለቀ ጊዜ እንደ ታየው፣ የጦርነትና የሁከት ጉዳትም በተራው የመኪና ፖሊሲ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ ተጨማሪ ተከፍሎበት ለብቻው የሚገዛ ነው። ከዚህም ጋር የመንጃ ፈቃዱ ደረጃ ከመኪናው ጋር አለመስማማቱ፣ ከልክ በላይ መጫንና ገበያተኛን በጭነት ላይ ማሳፈር የክልከላ በር ከፋቾች ናቸው።

የዋጋው ነገርም በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ እጅግ ንሯል። አሁን 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በቀድሞው ዋጋ በ2 ሚሊዮን ብር ብቻ ኢንሹራንስ ገብቶ ቢገኝ፣ ድርጅቱ ግማሹን አደጋ ባለቤቱ ራሱ እንደ ያዘው ሊቈጥር ይችላል። የ600 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ የሚከፈለው 300 ሺህ ይሆናል፤ ከዚያም ላይ በውሉ ባለመድኑ እንዲችለው የተጻፈው ድርሻ ይቀነሳል። ይህ ክፋት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ውል በሚታደስበት ቀን ዋጋን ማስተካከል የነጋዴው ፈንታ ነው።

ይህ ሁሉ ተጠንቅቆ ሳለ ካሣ የተከለከለ ሰው ምን ያድርግ? አስቀድሞ የክልከላው ምክንያት ከፖሊሲው ቃል ጋር ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ በስልክ የተነገረ «አይሆንም» መልስ አይባልም። የፖሊሱን የአደጋ ሪፖርት፣ የመንጃ ፈቃዱንና የአረቦኑን ደረሰኝ ቅጂ፣ የጉዳቱንም ፎቶግራፍ አያይዞ መልሱን በጽሑፍ ለዋናው መሥሪያ ቤት ያቅርብ። በዚያ ካልተሳካ ኢንሹራንስ ድርጅቶችን የመቈጣጠር ሥልጣን ላለው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማመልከት፣ ወይም ውሉ እንደሚለው ወደ ግልግል ዳኝነት ወይም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ነገር ግን በሕጉ የይርጋው ጊዜ 2 ዓመት ነውና «ነገ ና» በሚል ቀጠሮ ዓመት እንዳይፈጅ ይጠንቀቅ። ደግሞም ከሚገባው ያነሰ ገንዘብ ሲሰጠው «ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም» በሚል ወረቀት ላይ ሳያነብ እንዳይፈርም።

ጥፋቱ ግን በነጋዴው ብቻ አይደለም። ብዙው ፖሊሲ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በደቃቅ ፊደል ታትሞ የሚሰጥ ነው። አረቦን ሲቀበል በአማርኛ የሚያግባባ ድርጅት ካሣ ሲጠየቅ በእንግሊዝኛ አንቀጽ መመለሱ ከቅን ልቦና የራቀ ነው። የኢንሹራንስ ውል ከሌሎች ውሎች ሁሉ ይልቅ በመተማመን ላይ የቆመ ስለ ሆነ፣ ባለመድኑ እውነቱን የመናገር ግዴታ እንዳለበት ሁሉ፣ ድርጅቱም የማይሸፍነውን ነገር ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት በግልጥ የማስረዳት የሞራል ዕዳ አለበት።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቶች ከድርጅቶቹ ጋር ተነጋግረው ሁለት ነገር ቢያስፈጽሙ መልካም ነው። አንደኛው፣ የማይሸፈኑት ጉዳቶችና የባለመድኑ ግዴታዎች በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፈው ከእያንዳንዱ ፖሊሲ ጋር እንዲሰጡ፤ ሁለተኛው፣ ከቅርንጫፍ ርቀው የሚገኙ ከተሞች ነጋዴዎች አደጋን በ5 ቀን ውስጥ ለማስታወቅ የሚችሉበት የታወቀ ሰውና አድራሻ እንዲኖር ነው። ነጋዴውም በበኩሉ ፖሊሲውን ከመሳቢያ አውጥቶ ዛሬውኑ ያንብብ ወይም ያስነብብ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የካሣው ነገር የሚወሰነው መኪናው በተገለበጠበት ቀን ሳይሆን ውሉ በተፈረመበት ቀን ነው።